ከኋላ ላለው ሰው፦ በአዲስ አበባ እምብርት የብስክሌት ጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ

ከባሕር ዳር የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አዲስ አበባ የገባው ሊመሽ ሲል ነው። ብስክሌቴ የፊት ጎማው ተፈትቶ፣ ፔዳሎቹ ተነቅለው፣ መሪው ወደ ጎን ዞሮ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ስለነበር ረዳቱ ከዕቃ መጫኛው አውጥቶ ሲያስረክበኝ አልጋ መስሎት ነበር። እኛ ባሕር ዳር ብስክሌት ተማሪውም ሠራተኛውም የሚነዳው የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው፤ የእኔ መምጣት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። የአውሮፓን የጎዳና ላይ ውድድሮች በቴሌቪዥን ስከታተል ዓመታት አልፈዋል። ተንታኞቹ ዘወትር የሚያነሱት የእግርንና የሳንባን ጉዳይ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ተወዳዳሪዎቹ በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር እየከነፉ የዝናብ ልብስ መደረባቸው፣ መብላታቸው፣ የወለቀ ሰንሰለት መመለሳቸው፣ ይህን ሁሉ ሲያደርጉም ከያዙት መስመር አንዲት ስንዝር አለመዛነፋቸው ነው። እጅ ይህን እንዴት እንደሚማር ለማየት፣ በወጣትነታቸው ለክለብ ይወዳደሩ የነበሩና አሁን በከተማዋ መሀል ንጋት ላይ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥኑ አንድ አዛውንት አብሬያቸው እንድነዳ ፈቅደውልኛል። ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» ስለሚሏቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

ማረፊያዬ ፒያሳ ነው። ጋሼ ማታ መጥተው ብስክሌቱን ስገጣጥም ቆመው ተመለከቱ፤ ስጨርስ ግን የፊት ጎማውን ማጥበቂያ እጀታ መልሰው ፈቱት። እጀታው ሲዘጋ ገና ከመነሻው መክበድ የለበትም፤ እስከ መጨረሻው መቅለልም የለበትም። ጉዞውን ሲያጋምስ መክበድ ይጀምራል፤ ተገፍቶ ሲያልቅም መዳፍ ላይ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይ ምልክት ትቶ ያልፋል። መዳፌን ገልብጠው አዩና «በቃ፣ ጠብቋል» አሉ። ይህችን እጀታ የሠራው ጣሊያናዊው ቱሊዮ ካምፓኞሎ ነው፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተራራ ላይ ሲወዳደር ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው የጎማውን ብሎን መፍታት አቅቶት እንደነበር፣ መፍትሔውንም ከዚያ በኋላ በ1930 እንዳገኘ ይተረካል። ታሪኩ ሲደጋገም ጌጥ ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ሆኖም ጋሼ የሚወዱት ቁም ነገር አለበት፦ ጣት ሲደነዝዝ የማይሠራ መሣሪያ ለውድድር መሣሪያ አይባልም።

ሲወጡ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ አነሡ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልበርን ኦሊምፒክ፣ በ1956 እ.ኤ.አ.፣ ሯጮች ብቻ ሳይሆኑ ብስክሌተኞችም ተልከው እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ገረመው ከአራት ዓመት በኋላ ሮም ላይም ተወዳድሯል። «ሮም ሲባል ሁሉም አበበን ብቻ ያስታውሳል፤ አይፈረድበትም» አሉና ደረጃውን ወረዱ።

ቅዳሜ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረስን። ሯጮቹ ቀድመውናል፤ ደረጃዎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ። የጋሼ ልጆች ብስክሌት ወጥ አይደለም፤ የአንዱ ቀላል የውድድር ብስክሌት ነው፣ የሌላው የብረት አሮጌ፣ የአንዱ ደግሞ የፊትና የኋላው ቸርኬ ከተለያየ ብስክሌት የተወሰደ ነው። የዛሬው ትምህርት ግን ብስክሌት አይመርጥም፤ በሰው ጎማ ጥላ ሥር መንዳት ነው።

ከፊት ያለው ሰው ነፋሱን ይሰነጥቃል፤ ከኋላው የተጠጋው ከጉልበቱ ሲሶ የሚሆነውን ይቆጥባል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ልጆቹ የማያውቁት ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ነው። አዲስ ነጂ ከፊቱ ያለችውን ጎማ አፍጥጦ ያያል፤ ጎማዋ ስትዘገይ እሱም ደንግጦ ፍሬን ይይዛል፤ ድንጋጤው ወደ ኋላ እየተላለፈ መጨረሻ ላይ ያለው መሬት ላይ ይውላል። ባለሙያ ዓይኑን ከፊቱ ባለው ሰው ዳሌና ትከሻ በኩል አሻግሮ ሦስተኛውና አራተኛው ነጂ ጋ ያደርሳል፤ ጎማዋን በጠርዝ ዓይኑ ብቻ ይጠብቃታል። መዘግየት ሲያስፈልገው ፍሬን ከመንካቱ በፊት ደረቱን ቀና አድርጎ ነፋሱ እንዲይዘው ያደርጋል፣ ወይም ራሱን አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን አውጥቶ ነፋስ ይቀበላል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ከኋላው ያለው ሰው ግን ምንም አይደርስበትም።

«ከኋላህ ላለው ሰው ንዳ» ይላሉ ጋሼ። ጠዋቱን ሙሉ የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የጨዋነት ምክር መስሎኝ ነበር፤ እየቆየሁ ስመለከት ግን ሙያው በሙሉ በዚህች ላይ የቆመ ነው። ለምሳሌ ከኮርቻ መነሣት። ነጂ ድንገት ብድግ ሲል ብስክሌቱ ከሥሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ተጠግቶ ለሚከተለው ሰው ጎማ ግን ይበቃል። ስለዚህ ባለሙያው ከመነሣቱ በፊት ማርሹን በአንድ ያከብዳል፤ የሚነሣውም አንደኛው ፔዳል ወደ ታች ሲገፋ፣ በግፊቱ ላይ ነው፤ ብስክሌቱ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቅጽበት አያገኝም። ጋሼ ይህን ሲያሳዩ ከኋላቸው ሆኜ አተኩሬ አየሁ፤ የኋላ ጎማቸውና የእኔ የፊት ጎማ መካከል ያለው ርቀት ፈጽሞ አልተለወጠም። ሰውየው ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው።

ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሥር አልፈን ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ ስንወጣ ቢጫ ማልያ የለበሰው ልጅ ጓደኛው ደርሶ እንደሆነ ለማየት ዞር አለና ከነብስክሌቱ ወደ ጎን ተሳበ። አንገት ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ ሲዞር መሪ ይከተላል፤ ይህ የሰውነት ተፈጥሮ ነው። መከላከያው አንዱን እጅ ከመሪው ዳር ወደ መሪው መሀል ማምጣት ነው፤ እዚያ የያዘ እጅ ሳይታወቀው ቢጎትት እንኳ መሪውን ብዙ አያዞረውም። ሌላኛው እጅ ከመሪው ይነሣል፤ አገጭ ወደ ትከሻ ይቀርባል፤ ዓይን በቂውን ያያል። ጎን ለጎን የሚነዱ ጓደኛሞች ደግሞ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጣል አድርጎ ይዞራል። በቴሌቪዥን ሳየው የፍቅር ይመስለኝ ነበር፤ ሚዛን መጠበቂያ ነው።

ምልክቶቹ አጭር ናቸው። ጉድጓድ ሲኖር ጣት ወደ መሬት ይጠቁማል፤ የቆመ መኪና ወይም ማንኛውም መሰናክል ሲያጋጥም እጅ ከወገብ ጀርባ ሆኖ መሸሽ ወደሚገባበት አቅጣጫ ይጠርጋል። ምልክቱን ያየ ሁሉ ለሚቀጥለው ማስተላለፍ አለበት፤ ከፊት ያለው ጠቁሞ ሁለተኛው ዝም ካለ፣ አራተኛው ለጉድጓዱ ተላልፎ ተሰጥቷል ማለት ነው።

አንድ ልጅ ከሚኒባስ ኋላ ተለጥፎ ሊነዳ ሲሞክር ጋሼ ተቆጡ። በውድድር የቀረ ተወዳዳሪ ከቡድኖች መኪና ሰልፍ መሀል እየተሹለከለከ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ዳኞችም በመጠኑ ያልፉታል፤ በአንድ መኪና ጥላ ረጅም መንገድ የተጎተተ ግን ይቀጣል። የዚያ መኪና ሹፌር ከኋላው ማን እንዳለ በመስተዋት እያየ የሚነዳ፣ አንዳንዴም ራሱ የቀድሞ ተወዳዳሪ የሆነ ሰው ነው። «የእኛ ሚኒባስ ‹ወራጅ አለ!› ሲባል የት እንደሚቆም አምላክ ብቻ ነው የሚያውቀው» አሉ።

ዕረፍት ላይ የጽጋቡ ገብረማርያም ስም ተነሣ። የመቐለው ልጅ በስዊዘርላንዱ የኤግል ማሠልጠኛ ተምሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በዚያ ዓመት መነሻው መስመር ላይ የተሰለፉት 198 ነበሩ። ደጋ ላይ ያደገ ልጅ ሳንባውን ይዞ ይሄዳል፤ ጠባብ የገጠር መንገድ ላይ ከመቶ ዘጠና ሰው ጋር ክርን ለክርን ሆኖ መንዳትን ግን ከፍታ አይሰጥም። ጋሼ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው ክርናቸውን እያነካኩ ያስነዷቸው ለዚህ ነው። ክርኑን ያደነደነ ሲነካ ይወድቃል፤ ያላላው ግን ግፊቱን ክርኑ ላይ አስቀርቶ መሪውን ነፃ ያደርገዋል።

እሑድ

ቸርችል ጎዳና ቁልቁል፣ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር። መንገዱ ባዶ የሚሆነው እሑድ ማለዳ ብቻ ስለሆነ ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህን ሰዓት ነው። የኅዳር ብርድ ጣት ይቆረጥማል። ከመውረዳችን በፊት ከጀርባ ኪሳቸው የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አሮጌ ቅጠሎችን አውጥተው አደሉንና ለሁለት አጥፈን ከማልያችን ሥር ደረታችን ላይ ዘረጋናቸው። የአልፕስንና የፒሬኔን ተራራዎች የሚወጡ ተወዳዳሪዎች ጫፍ ላይ ከቆመ ተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ዳገት ላይ በላብ የራሰ ሰው ቁልቁለት ሲጀምር ነፋሱ እስከ አጥንቱ ይዘልቃል፤ ወረቀት ነፋሱን ይገታል፣ ላቡንም ይመጥጣል፣ ሥራውን ሲጨርስ ተስቦ ይወጣል። ቀጭን የነፋስ ልብስ ከመጣ ወዲህ አስፈላጊነቱ ቀንሷል፤ ዋጋው ግን እስከ ዛሬ የሚወዳደረው የለም።

ቁልቁለት ላይ እጅ የሚቀመጠው በመሪው የታችኛው ጥምዝ ላይ ነው። እዚያ ሲያዝ ክብደት ዝቅ ይላል፣ አንድ ወይም ሁለት ጣትም ፍሬኑን በሙሉ ጉልበት መጭመቅ ይችላል። ብዙ ሰው የፊት ፍሬንን ይፈራል፤ ግልብጥ ያደርጋል ይባላል። እውነቱ ግን የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊቱ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ቀልሎ ቶሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ ዳሌ በኮርቻው ላይ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ክንድ መሬቱን እንደመግፋት ይጸናል፣ የፊቱ ፍሬን ቀስ በቀስ እየጠነከረ ይያዛል እንጂ ጭብጥ አይደረግም። ይህ ሁሉ ደግሞ ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ባለበት ጊዜ መጠናቀቅ አለበት፤ ያዘመመ ጎማ መታጠፍንና መቆምን በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ሲጠየቅ አንዱን ይጥላል።

ቴዎድሮስ አደባባይ ለመታጠፍ ትምህርት የተሠራ ይመስላል። በዙሪያው ሦስት አራት ጊዜ ዞርን። የውጪው እግር ወደ ታች ይወርዳል፤ ክብደት ሁሉ በእሱ ላይ ይጫናል፤ የውስጠኛው ፔዳል ከፍ ብሎ አስፋልት ከመንካት ይድናል። ከዚያ ጋሼ ልጆቹን ግራ የሚያጋባውን ነገር አመጡ፦ ወደ ግራ ለማዘመም የግራውን የመሪ እጀታ ወደ ፊት መግፋት። ቢጫ ማልያው «ጋሼ፣ ያማ ወደ ቀኝ አይወስደኝም?» አለ። ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ይላል፤ ብስክሌቱ ግን በዚያው ወደ ግራ ይወድቃል፤ መታጠፍ ማለት ያንን ውድቀት መያዝ ነው። ሁላችንም ሳናውቀው እናደርገዋለን፤ ባለሙያ የሚለየው አውቆና በሚፈልገው መጠን ስለሚያደርገው ነው። ሌላው ሁሉ የዓይን ሥራ ነው፤ መውጫውን የሚያይ መውጫው ላይ ይደርሳል፣ ጉድጓዱን የሚያይ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ።

መሀል ከተማ የራሱ ወጥመዶች አሉት። ሚኒባሶች የሚቆሙባቸው ቦታዎች በሚንጠባጠብ ዘይትና ናፍጣ ለስልሰዋል፤ ጠዋት ደጃፍ ያጠቡበት ውኃ ሲደርስባቸው እንደ ሳሙና ናቸው። ነጭ የእግረኛ ማቋረጫ ቀለምና የብረት ክዳኖችም እንዲሁ። እነዚህን ማስቀረት ካልተቻለ ብስክሌትን ሳያዘምሙ፣ ሳይረግጡ፣ ፍሬን ሳይነኩ ቀጥ ብሎ ማለፍ ነው፤ ሮም ወይም ሚላን ውስጥ የሚጠናቀቅ የውድድር ቀን ላይ የሚደረገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች፣ ወደ ትግላችን ሐውልት ስንቃረብ የአንዱ ልጅ የብረት ብስክሌት ከፊቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላ «ጉልበት! ጉልበት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጁ ሁለቱን ጉልበቶቹን ሰብስቦ የብስክሌቱን የላይኛውን ብረት ቆነጠጠ፤ መንቀጥቀጡ በአንድ ጊዜ ሞተ። መሪውን አጥብቆ መጨበጥ መንቀጥቀጡን ያባብሰዋል፤ ብረቱን በጉልበት መንካት ግን ሰውነትን ማርገቢያ ያደርገዋል። በዚያች ቁልቁለት ካየሁት ሁሉ ይህች ትበልጥብኛለች።

ለገሃር የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አጠገብ ቆመን ልጆቹ በላይኛው ብረት ላይ ቁጭ ብሎ መውረድን አነሡ። ብሪታንያዊው ክሪስ ፍሩም በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ቱር ደ ፍራንስ ከፔይረሱርድ ተራራ እንዲያ ሆኖ፣ ጨርሶም እየረገጠ ወርዶ በ13 ሰከንድ ልዩነት አሸንፏል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ይህን አቀማመጥ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ክልከላው ባይመጣም ጋሼ አይፈቅዱትም ነበር፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው እንደልቡ መታጠፍ አይችልምና። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ያዩትን ሁሉ መቅዳት ሙያ መማር አይደለም።

ሰኞ

የሥራ ቀን ነው። አራት ኪሎን የሞላው ትራፊክ ሥልጠና አያስችልም፤ ስለዚህ ፒያሳ አካባቢ ካለ ጎሚስታ ደጃፍ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስለ ጥገና አወራን። ብስክሌቱን ጎሚስታው ከኋላው አንሥቶ ሲይዝልን ጋሼ ሰንሰለቱን ሆን ብለው ከትንሹ ጥርስ ወደ ውስጥ ጣሉት። የወለቀ ሰንሰለት ሲያጋጥመው ተራው ነጂ ወርዶ ጣቱን ያጠቁራል። ባለሙያው መርገጡን ያቀላል፣ የፊቱን ማርሽ ወደ ትልቁ ጥርስ ይቀይራል፣ ፔዳሉን በእርጋታ ወደ ፊት ያዞራል፤ ማርሽ መቀየሪያው ራሱ ሰንሰለቱን አንሥቶ ያስቀምጠዋል። እስከዚያ ብስክሌቱ በያዘው ፍጥነት ይንከባለላል። ጉልበት ከተጨመረበት ግን ሰንሰለቱ ተወጥሮ ይሰነቀራል፤ ያኔ መውረድ ግድ ነው።

ስባሪ ጠርሙስ ላይ ያለፈ ጎማም በጉዞ ላይ ይጠረጋል። ጓንት ያደረገ መዳፍ በሚዞረው የፊት ጎማ ላይ ለስለስ ተደርጎ ሲያርፍ፣ ገና ያልዘለቀ ስባሪ ይረግፋል። የኋላው አደገኛ ነው፤ እጅ ከኮርቻው ብረትና ከጎማው መካከል ሊሳብ ይችላል። ስለዚህ አውራ ጣት አስቀድሞ ብረቱን ይደገፋል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከዚያ በኋላ ወደ ጎማው ይወርዳሉ። ጎሚስታው ሲሰማ ቆይቶ «እንዲህ ካደረጋችሁ እኔ ምን ልበላ ነው?» አለ። በነገራችን ላይ ትልልቆቹ ቡድኖች ዛሬ ቀዳዳን ከውስጥ የሚደፍን ፈሳሽ ያላቸውን ጎማዎች ስለሚጠቀሙ ይህ ልማድ እየሳሳ ነው፤ ጎማው ከተነፈሰም ተወዳዳሪው እጁን አንሥቶ የቡድኑን መኪና ይጠራል። የእኛ ልጆች መኪና የላቸውም።

ማክሰኞ

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወረዳል፤ ከድልድዩ ወዲያ ወደ አራት ኪሎ ይወጣል። እንዲህ ባለ ሸለቆ ላይ ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ እግርን ከመያዙ በፊት ነው፤ ከያዘ በኋላ የሚቀይር ሰንሰለቱን ያስጮኻል፣ ቆም ሲልም ከኋላ ያለውን ያስቆማል። ይህን ልጆቹ ያውቁታል። የዛሬው ቁም ነገር መብላትና መልበስ ነው።

የጎዳና ላይ ተወዳዳሪ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም፣ አሁን አሁንም እስከ 120 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወስዳል፤ ይህ ለአምስትና ለስድስት ሰዓት ሲታሰብ የመብላት ችሎታ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ ይገባል። የአውሮፓ ቡድኖች ትንንሽ የሩዝ ቁራሽ በፎይል ይጠቀልላሉ፤ የጋሼ ልጆች የበሶ ጭብጦ ይይዛሉ፤ ጾመ ነቢያትም ስለገባ በጨውና በስኳር የታሸ በሶ ለሁሉም የሚሆን ነው። ጭብጦው በአንድ ጉርሻ ልክ ይድቦለቦልና በወረቀት ይጠቀለላል፤ የወረቀቱ ጫፍ ግን ቤት ውስጥ አስቀድሞ ላላ ይደረጋል። መንገድ ላይ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ጥቅል ትርፉ ጣጣ ነው።

የማልያው ሦስት የጀርባ ኪሶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሥርዓት አላቸው። ምግብ የሚሆነው በሚቀናው እጅ በኩል ነው፤ የዝናብ ልብስ መሀል፤ ባዶ ወረቀት በሌላው። እጅ ሳይፈልግ ማግኘት አለበት። የሚበላው ሜዳ ላይ፣ በሰው ጥላ ሥር ሲነዳ ነው፤ ዳገት ላይ አፍ ለአየር ይፈለጋልና። ጋሼ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስወጥተው አዘዋወሩልኝ። «ቀኝ እጅሽ ፍሬን ላይ ይቆይ፤ ግራሽ ያብላሽ» አሉኝ። በእኔ ብስክሌት የቀኝ እጅ ፍሬን የፊቱ ነው።

በውድድር ምግብ የሚታደለው በትከሻ በሚንጠለጠል ቀላል የጨርቅ ከረጢት ነው። አቀባዩ ማንጠልጠያውን ከፍ አድርጎ ይዘረጋዋል። ተቀባዩ ከረጢቱን ራሱን ለመያዝ አይሞክርም፤ ክንዱን በማንጠልጠያው ውስጥ ያሾልካል፣ እጁ ደግሞ ከከረጢቱ ጋር ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አለዚያ ግጭቱ ትከሻን ይነቅላል። ከዚያ አንገቱ ላይ ያጠልቀውና ዕቃውን በዝርዝር ወደ ኪሱ ያዘዋውራል። ጋሼ ከስድስት ኪሎ በታች ባለ ጸጥተኛ የውስጥ መንገድ ዳር ቆመው የገበያ ፌስታል ዘረጉ። ፌስታሉ ሁለት ጊዜ ተቀደደ፤ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

የዝናብ ልብስ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ባለሙያው ከስብስቡ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ማንም ከኋላው እንዳይኖር። ልብሱን ከመሀል ኪሱ አውጥቶ ኮሌታውን በጥርሱ ይነክሳል፤ አንድ እጅ መሪው ላይ ሆኖ ሌላው እጅጌ ይገባል፤ ነፋሱ እጅጌውን ስለሚነፋው ክንዱ በቀላሉ ያልፋል። ከዚያ ብቻ ነው ሁለቱም እጅ ከመሪው የሚነሣው፤ ዳሌ ኮርቻው ላይ ጸንቶ፣ እግር መርገጡን ሳያቋርጥ፣ ሁለተኛው ክንድ ይገባል። ሳይረገጥ የሚንከባለል ብስክሌት ይወላውላል፤ የሚረገጥ ብስክሌት ቀጥ ይላል። ዚፑን ለመዝጋት አንዱ እጅ ጫፉን ወደ ታች ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ይስባል። ሥራው ከተራራው ጫፍ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ፍጥነት ትንሽ በሆነበት ቦታ መጠናቀቅ አለበት፤ ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ልብስ የሚፈልግ ሰው ዘግይቷል።

ቢጫ ማልያው ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ተሳካለት። ከዚያ ሁለት እጁን አንሥቶ እንዳሸናፊ ሲጮህ ጋሼ የኤርትራዊውን ቢንያም ግርማይን ነገር አስታወሱት። ቢንያም በ2022 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑን የጂሮ ዲታሊያ ውድድር ዐሥረኛ ቀን ካሸነፈ በኋላ በሽልማቱ መድረክ ላይ የወይን ጠርሙሱ ቡሽ ተፈናጥሮ ዓይኑን መታው፤ ከውድድሩም ለመውጣት ተገደደ። ከሁለት ዓመት በኋላ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ ለሚበልጥ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወስዷል። ጠርሙስ መክፈትም ከትንንሾቹ ሙያዎች አንዱ ነው ማለት ነው፦ አፉን ከፊት አርቆ፣ ቡሹን በመዳፍ ሸፍኖ።

ረቡዕ

የመጨረሻው ጠዋት። ከለገሃር ተነሥተን ቸርችልን አሁን ሽቅብ ወጣን። ወደ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይህ ዳገት ቀልድ አይደለም፤ ውኃ እንኳ ሲጠጣ ትንፋሽ ይቆርጣል። ኮዳ የሚወጣው ዳገቱ ከመክበዱ በፊት ነው፤ ሲጠጣ ኮዳው ወደ ጎን ያዘነብላል፣ አናት ወደ ኋላ አይጣልም፤ ዓይን ከመንገዱ እንዳይነሣ።

ኮዳ ማቀበልም የራሱ ወግ አለው። በትልልቅ ቡድኖች ረዳት ተወዳዳሪዎች ወደ መኪናው ተመልሰው ማልያቸው እስኪወጠር ኮዳ ሞልተው ለቡድኑ ያመጣሉ። ከመኪናው ሲቀበሉ መካኒኩ ኮዳውን ቶሎ ካልለቀቀው ተወዳዳሪው ተጎትቶ ትንሽ ያርፋል፤ ዳኛ ይህን ከልክ ሲያልፍ ይቀጣል። ባዶውን ኮዳ መጣል ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተከለለ ቦታ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ደንቡ እንደወጣ ስዊዘርላንዳዊው ሚካኤል ሼር በፍላንደርስ ውድድር ላይ ኮዳውን ለተመልካች በመወርወሩ ከውድድሩ ተሰርዟል። ቅጣቱ ብዙ ጩኸት አስነሥቶ ወዲያው ላላ። ደንቡ ራሱ ግን ልክ ነው እላለሁ፤ የሚንከባለል ኮዳ ከኋላ ለሚመጣው ሰው ከድንጋይ አይተናነስም፤ ጫካም የማንም ቆሻሻ መጣያ አይደለም።

ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ደርሰን በተሠራው የብስክሌት መስመር ላይ በአንድ ረድፍ ስንነዳ ጋሼ አንድ ሙሉ ኮዳ ከመጨረሻው ልጅ አስነሥተው እስከ መጀመሪያው እንዲደርስ አዘዙ። የሚሰጠው አናቱን ይይዛል፣ ገላው ለተቀባዩ ባዶ ይቀራል፤ ተቀባዩ «ያዝኩ» ሳይል ሰጪው አይለቅም፤ ሁለቱም ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ኮዳው አንዴ ወድቆ ከረድፉ ኋላ ተንከባለለ፤ ሁሉም ቀጥ ብለው አለፉት፣ ማንም ፍሬን አልነካም፣ የመጨረሻው ልጅ ተመልሶ አነሣው። ሁለተኛው ዙር ከዳር ዳር ደረሰ።

ለእኔ የቤት ሥራ ተሰጠኝ፦ ባሕር ዳር መንገዱ ሜዳ ስለሆነ፣ ጣና ዳር ንጋት ላይ የዝናብ ልብስ መልበስና ማውለቅ፤ በመጀመሪያ ብቻዬን፣ ከዚያ ከኋላዬ ሰው አድርጌ። ከዚያ በፊት ግን ጓንት እንድገዛ፣ እጅጌው ሰፊ የሆነ ልብስ እንድመርጥና የዚፑ ጫፍ ላይ ገመድ እንዳስር ነገሩኝ፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት ትንሽ ዚፕ አያገኝም። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚገቡት 2 ሰዓት ላይ ስለሆነ ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው ሁሉንም ወደየቤታቸው ሰደዱ።